የጠላቂ ክሊፕ፦ ክር ገፍቶ ከከፈተው አትያዘው

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሻርጃ ነው። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ የመጥለቅ ኮርስ ጨርሼ እስካሁን ፉጀይራ ላይ 30 ጊዜ ያህል ጠልቄያለሁ። መብራቴን፣ የአየር ጌጄንና ትንሿን ካሜራዬን የማንጠለጥላቸው ከተራራ ወጪዎች ዕቃ ሱቅ በገዛኋቸው ካራቢነሮች (ተገፍቶ የሚከፈት ምላስ ባላቸው የብረት ቀለበቶች) ነው። ባለፈው ሳምንት ጀልባ ላይ አንድ አስጠላቂ አየኝና ‹እነዚህን የሞት ክሊፖች አውልቅ› ብሎ ሳቀብኝ። ካራቢነሩ እኮ ከ2000 ኪሎ በላይ ይይዛል! ቦልት ስናፕ የሚሉት ደግሞ ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? የቱን ልግዛ? የት የትስ ላድርገው?»

ወንድሜ፣ ያ ሰው ከሚስቅብህ ሁለት ደቂቃ ሰጥቶ ቢያሳይህ ይሻል ነበር። የነገረህ ግን ልክ ነው፤ አውልቃቸው። 2000 ኪሎ የሚለውም ውሸት አይደለም፤ ብቻ ላንተ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ተራራ ወጪ ነፍሱን የሚያንጠለጥለው በካራቢነሩ ላይ ነው፤ ሲወድቅ ሙሉ ክብደቱን የሚይዝለት እሱ ነው። አንተ ውሃ ውስጥ የምታንጠለጥለው ግፋ ቢል መብራት ነው፤ እሱንም ውሃው ያቀልልሃል። ስለዚህ «ይበጠስ ይሆን?» የሚለው የጠላቂ የመጨረሻ ጭንቀት ነው። የመጀመሪያው «እኔ ሳላውቅ ምን ይገባበታል?» የሚለው ነው።

አሁኑኑ ሞክረው። የጫማህን ክር በሁለት እጅህ ወጥረህ የካራቢነሩ ምላስ ላይ ገፋ አድርገው። ጠቅ ብሎ ይገባል። አሁን ወደ ኋላ ሳበው። አይወጣም፤ ምላሱ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይከፈትማ። ፉጀይራ ስትመላለስ ጋርጉር ሳታይ አትቀርም፤ ያን ዓሣ አጥማጆቹ ባሕር ወለል ላይ የሚያስቀምጡትን ከሽቦ የተሠራ ጉልላት መሳይ ወጥመድ ማለቴ ነው። ዓሣው በሰፊው አፍ ይገባና መውጫው ይጠፋዋል። ካራቢነር ትከሻህ ላይ ያንጠለጠልከው ትንሽ ጋርጉር ነው። የሚያጠምደው ደግሞ የዓሣ ማጥመጃ ክር፣ የተጣለ መረብ፣ የመልሕቅ ገመድ፣ በሰጠመ መርከብ ውስጥ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ዋሻ ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች ከድሮ ጀምሮ «ራስ አጥፊ ክሊፕ» የሚሉት ለዚህ ነው። እነሱ መውጫቸውን የሚያገኙት በአንድ ቀጭን ክር ነው። ያቺ ክር በጭለማ ሾልካ ጀርባቸው ላይ ያለ ክሊፕ ውስጥ ከገባች፣ የሚመራቸው ገመድ መልሶ የሚያስራቸው ይሆናል።

ቦልት ስናፕን በዚያው የጫማ ክር ፈትነው። ምላሱ እንደ በር አይወዛወዝም፤ እንደ አገራችን በር መወርወሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ክሩ ቢገፋው፣ ቢያሻሸው፣ ቢጫነው ንቅንቅ አይልም። ጎኑ ላይ ያለችውን ጉብ ያለች ነገር በአውራ ጣትህ ወደ ኋላ ስትስብ ብቻ ይከፈታል። ስትለቃት ውስጡ ያለው ሞላ ገፍቶ ይዘጋዋል። በቃ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ሱቅ ውስጥ ስሙን የማታውቀው አዲስ ዓይነት ክሊፕ ቢያሳዩህም በዚሁ ፈትነው፤ ክር ገፍቶ ከከፈተው መልስላቸው። ባለ ሁለት ክንፉ የቢራቢሮ ክሊፕ፣ የሻንጣው ጋንቾ፣ የቁልፍ መያዣው ሁሉ እዚህ ፈተና ላይ ይወድቃሉ። «ባለ ብሎን ካራቢነርስ?» ትለኝ ይሆናል። እሱ ክር አይገባበትም፤ ግን አሸዋ ጥርሱ ውስጥ ከገባ በእርጥብ ጓንት ትፈታዋለህ ማለት ዘበት ነው።

እኔም በደረቁ አልተማርኩትም። ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ እስራኤል፣ ቀይ ባሕር ዳር ባለችው ኤይላት ገና ጀማሪ አስጠላቂ ሳለሁ ነው። የሌሊት ጠለቃ፣ ጥልቀቱ 12 ሜትር ግድም፣ ቦታው ቀን ቀን ሰዎች ወደ ባሕሩ ከተዘረጋው ድልድይ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱበት። መለዋወጫ መብራቴ ግራ ዳሌዬ ላይ በምትወዛወዝ ምላስ ክሊፕ ተንጠልጥሏል። ድንገት ከኋላዬ ረጋ ያለ ጉተታ ተሰማኝ፤ ልክ ሕፃን የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ እንደሚጎትት። ጓደኛዬ መስሎኝ ዞር አልኩ። እሱ ፊት ለፊቴ ነው! መዞሬ ደግሞ አባሰው፤ ክሩ አንድ ዙር ወገቤ ላይ ተጠመጠመ። ያ ክር በቀን ብርሃን እንኳ በግድ የሚታይ፣ ሌሊት ጭራሽ የሌለ ነገር ነው። እጄን ወደ ኋላ ልኬ ክሊፑን አገኘሁት፤ ምላሱን በጣቴ ስጫን ግን በክሩ ውጥረት ተነክሶ አልንቀሳቀስ አለኝ። ጓደኛዬ መጥቶ በመቀስ ቆረጠልኝ። ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጌጄን ሳየው ግን ቀድሞ 120 ባር የነበረው የአየር ግፊት 80 ገብቷል። ሰው ሲደነግጥ አየር እንዴት እንደሚበላ ያን ቀን ገባኝ። በማግስቱ የነበሩኝን ክሊፖች ሁሉ ሰብስቤ የጫማ ክር ፈተናውን አደረግኩ። ከስምንቱ ሁለት አለፉ።

ስለ ዋጋው ደግሞ፦ ውድ የሚያደርገው ቅርጹ ሳይሆን ብረቱ ነው። ይኸው ቅርጽ የውሻ ማሰሪያ ላይም አለ፤ ማንኛውም የብረታ ብረት ሱቅ በርካሽ ታገኘዋለህ። ግን እሱ አብዛኛውን ጊዜ የዚንክ ቅይጥ ሆኖ ላዩ ብቻ በኒኬል የተቀባ ነው። ቅቡ እንደተላጠ ጨዉ ውስጡን ይበላዋል። የምትፈልገው 316 የሚባለውን የማይዝግ ብረት ነው። ከተራው 304 የሚለየው ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ስላለው ነው፤ ይህቺ ትንሽ ነገር ናት የባሕር ጨው ብረቱን ነቁጥ በነቁጥ እንዳይበሳው የምትከላከለው። እኔ ያለሁበት የቀይ ባሕር ጫፍ በኪሎ ውሃ ውስጥ 40 ግራም ያህል ጨው አለው፤ የውቅያኖሶች አማካይ 35 ነው። ዱባይ በኩል ያለው ባሕረ ሰላጤም ከኛ አይተናነስም። በዚህ ውሃ 304 በአንድ ክረምት ቡናማ እንባ ማፍሰስ ይጀምራል።

አንዳንድ ሻጭ ገላውን ከ316 ሠርቶ ሞላውን ከተራ ብረት ያደርገዋል። ላዩ እንደ መስታወት እያበራ ውስጡ ዝጎ ምላሱ ይነክሳል። ስለዚህ ስትገዛ ምላሱን ሃያ ጊዜ ክፈትና ዝጋ፤ መንገራገጭ የለበትም። የሞላውን ነገር ሻጩን በግልጽ ጠይቀው። ማግኔት ይዞ ሄዶ መፈተንን ብዙ ሰው ይመክራል፤ ትንሽ ይረዳል፣ ግን አትመካበት፤ ደህናው 316 ራሱ ሲቀጠቀጥና ሲታጠፍ በጥቂቱ ማግኔት ሊስበው ይችላል። ነሐስ የሆነውም መጥፎ አይደለም። ይጠቁራል፣ አረንጓዴ ያበቅላል እንጂ ቶሎ አይከዳም። ያንተ ካራቢነሮች አሉሚኒየም ናቸው፤ እነሱ የማይዝግ ብረት ቀለበት ላይ ተሰክተው ጨው ውሃ ውስጥ ሲቆዩ ነጭ ዱቄት እያወጡ ያልቃሉ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጨው ውሃ ውስጥ ሲነካኩ ደካማው ነው የሚበላው።

መጠኑ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ወደ ትንሹ ነው። ሱቅ ውስጥ በደረቅና በሞቀ እጅ ትንሿ ታምራለች። ለመብራትና ለጌጅ ከ8 እስከ 9 ሳንቲሜትር የሚረዝም ይበቃሃል፤ ጓንት የምታደርግ ከሆነ ወይም ተጨማሪ የአየር ሲሊንደር መያዝ ስትጀምር ከ10 በላይ ውሰድ። ዓይኑ የሚሽከረከረውን ምረጥ፤ ዕቃው ሲዞር ያሰርክበት ሲባጎ አይጠማዘዝም።

አሁን አንተ ወዳልጠየቅከው ጥያቄ እንምጣ፤ እኔ ከክሊፑ ምርጫ የማላሳንሰው ነገር ነው። ክሊፑ አልከፈት ቢልስ? አሸዋ ገብቶበት፣ ሞላው ሞቶ፣ እጅህ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። ዕቃህን በክሊፑ ላይ በብረት ቀለበት አያይዘኸው ከሆነ መውጫ የለህም፤ ብረት በቢላ አይቆረጥም። ስለዚህ በክሊፑና በዕቃው መካከል ሁልጊዜ የሚቆረጥ ነገር ይግባ። እኔ የምጠቀመው 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የተጎነጎነ የናይለን ሲባጎ ነው። 40 ሳንቲሜትር ያህል ቆርጠህ በክሊፑ ዓይንና በመብራቱ ቀዳዳ መካከል ሦስት ጊዜ አመላልሰው። በተረፈው መሃሉን አንገቱ ላይ ጠምጥመህ ድርብ ቋጠሮ ቋጥር። ጫፎቹን በላይተር አቅልጠህ ገና ትኩስ ሳሉ በቢላ ጎን ተጫናቸው፤ ጠፍጠፍ ብለው ይደርቃሉ፣ ቋጠሮውም አያመልጥም። በዕቃውና በክሊፑ መካከል የትንሽ ጣት ያህል ክፍተት ተው፤ አለዚያ በጭንቅ ሰዓት ቢላው የሚገባበት አታገኝም። ከዚያ አንዱን ሠርተህ ቆርጠው። አዎ፣ ደህናውን ሲባጎ በገዛ መቀስህ ቁረጠው፤ በስንት ምት እንደሚበጠስ እጅህ ይወቀው።

ከሲባጎ ይልቅ ኦ-ሪንግ የሚባለውን የጎማ ቀለበት የሚጠቀሙ አሉ፤ ጠንክረህ ከሳብከው ራሱ ይበጠሳል ብለው ነው። ለአንዳንድ ዕቃ ያስኬዳል። እኔ ግን ጎማው ፀሐይ ላይ ተሰነጣጥቆ መብራቴን 25 ሜትር ላይ ጥሎብኝ ስለሚያውቅ ወደ ሲባጎዬ ተመልሻለሁ። የፕላስቲክ ማሰሪያ ደግሞ ርካሽ ነው፣ ሲቆረጥ ጫፉ ግን እንደ ምላጭ ጓንት ይቀዳል።

የት የት ላድርገው ላልከው፦ ጌጅህን በመጀመሪያ አስተካክል። ሳይታሰር ሲንጠለጠል ኮራል ይገርፋል፣ የሰጠመ መርከብ ስብርባሪ ላይ ይጠለፋል። ክሊፑን በጌጁ አንገት አጠገብ ቱቦው ላይ በሲባጎ እሰርና ግራ ዳሌህ ላይ ካለችው የዲ ቅርጽ ቀለበት ጋር አገናኘው። ማየት ስትፈልግ በግራ እጅህ ነቅለህ ታያለህ፣ ትመልሳለህ። ዋናው መብራት ቀኝ ደረት፣ መለዋወጫው ግራ ደረት። ከዳሌህ በታችና ከጀርባህ፣ ዓይንህ በማያይበትና ሁለቱ እጆችህ በማይደርሱበት ቦታ፣ ምንም አትስቀል። ሁለቱ እጆችህ ያልኩት በምክንያት ነው፤ አንዱ ቢያዝ ሌላው መድረስ አለበት። ከዚህ በላይ ማንጠልጠል ያማረህ ቀን ደግሞ ዕቃ ቀንስ። የገና ዛፍ መስሎ የሚጠልቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ የቱን የት እንዳደረገው ራሱ አያውቀውም።

ቦልት ስናፕ የማይሆንበት አንድ ቦታ አለ። መለዋወጫ አፍ መተንፈሻህ፣ ያ ቢጫው ኦክቶፐስ። እሱን የሚፈልገው አየር ያለቀበት ሰው ነው፤ ያ ሰው መወርወሪያ ስቦ ለመክፈት ትዕግሥት የለውም፣ ጨብጦ ይመነጭቃል። ስለዚህ በአንድ ሳብ የሚላቀቅ የሲሊኮን መያዣ ወይም ማግኔት አድርግለት፤ ቦታውም በአገጭህና በጎድን አጥንትህ መካከል ይሁን። ማግኔት ከመረጥክ ኮምፓስህን አርቀው። አንድ ተማሪዬ ሁለቱን አጠጋግቶ ወደ ሰሜን እየዋኘሁ ነው ብሎ በቀጥታ ከጀልባው ርቆ ሄዶ ነበር።

ከማንም ከምንም በላይ የምፈራው ክሊፕ ግን የምልክት ፊኛው ሪል፣ ማለትም የገመዱ መጠቅለያ ላይ ያለው ነው። ከጠለቃ ስትወጣ ጀልባዎች እንዲያዩህ ብርቱካናማውን ፊኛ ከታች ነፍተህ ትለቀዋለህ፤ ገመዱ ከሪሉ እየተፈታ ይሄዳል። ያን ጊዜ ሪሉ በክሊፕ ካንተ ጋር ተያይዞ ገመዱ ከተነከሰ፣ ፊኛው አንተን ይዞህ ይወጣል። አንድ ሊትር አየር ወደ አንድ ኪሎ ያነሳል፤ አየሩም ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይሰፋል፣ 10 ሜትር ላይ አንድ ሊትር የነበረው ገጹ ላይ ሁለት ይሆናል። ትንፋሽህን ይዘህ እንዲህ ከተወረወርክ ደግሞ ሳንባህ ውስጥ ያለውም አየር እንዲሁ ይሰፋል። ፊኛ ስትለቅ ሪሉ በእጅህ ይሁን፤ ከተነከሰ እጅህን ክፈትና ይሂድ። ሪል ይገዛል። ሪሉን ኪስ ውስጥ ለመያዝ ሁለቱም ጫፉ ቦልት ስናፕ የሆነው ክሊፕ ጥሩ ነው፤ አንድ ትርፍ ጨምረህ ግዛ፣ የማታስበው ሥራ ታገኝለታለህ።

ፉጀይራ ስላልክ አንድ ነገር ላክል። እዚያው አል አቃ ፊት ለፊት በ2001 እ.ኤ.አ. ሆን ተብሎ የሰጠመችው ኢንችኬፕ 1 የተባለች መርከብ ላይ ሳትወርድ አትቀርም፤ 30 ሜትር ግድም ላይ ነው የተኛችው። እንዲህ ያለ ስብርባሪ ዓሣ ይሰበስባል፣ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ዓሣ ባለበት ክርና መረብ ይጥላል፤ የተጠለፈበትንም እዚያው ቆርጦ ትቶት ይሄዳል። ስብርባሪ ላይ ስትደርስ ቀድመህ ከላይ ሆነህ ዙሪያውን ቃኝ። በውሃው ሲወዛወዝ ብልጭ የሚል ነገር ካየህ ክር ነው። ከተያዝክም አትዙር! ቁም፣ ተንፍስ፣ ወደ መጣህበት በቀስታ ወደ ኋላ ተመለስ፣ መብራት ለጓደኛህ አወዛውዝ። ቢላህ ደግሞ እግርህ ላይ ሳይሆን ደረትህ ወይም ወገብህ ላይ ይሁን። የሕክምና መቀስ ከትልቅ ቢላ ይሻላል፤ ናይለኑን፣ ዓሣው በጥርሱ እንዳይበጥሰው መንጠቆው አጠገብ ከሚታሰረው ቀጭን ሽቦ ጋር ይቆርጠዋል።

ከጠለቃ በኋላ ክሊፕን ማጠብ ማለት ቧንቧ ማሳየት አይደለም። ንጹሕ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነክረህ ምላሱን አሥር ጊዜ ክፈት ዝጋ፤ ጨዉ ያለው ሞላው ጋ ነው። ዘይት አትቀባው፤ አሸዋ ይሰበስባል። ምላሱ ከተንገራገጨ ለብ ባለ ውሃና ኮምጣጤ አንድ ሌሊት አሳድረህ ሞክረው፣ ጠዋትም ያው ከሆነ ጣለው። ወር በገባ ቁጥር ሲባጎውን እየው፤ ከጸጎረ ቀይረው፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

እንግዲህ የምትገዛው፦ ሦስት ባለ 9 ሳንቲሜትር ቦልት ስናፕ፣ ሁለት ባለ ሁለት ጫፍ፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ አንድ መቀስ። ሦስት እጥፍ ነው ያልከው ዋጋ ለሦስቱ ክሊፕ ቢሆን ነው፤ በየዓመቱ የምትቀይረው ነገር አይደለም። ከገዛህ በኋላ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለህ፣ ጓንትህን አድርገህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ እየነቀልክ እየሰካህ ተለማመድ። ሚስትህ ምን ነካው ብትልም ቀጥል።

ካሜራዋን በሚጠቀለል ገመድ ቀኝ ደረትህ ላይ አድርጋት፤ ሁለቱም የገመዱ ጫፍ ላይ ቦልት ስናፕ ይሁን፣ ሥራ ስትፈታም ሁለቱንም ቀለበት ላይ ስካቸው። ካራቢነሮቹን ደግሞ አትጣላቸው። እኔ የኔን ጀልባ ላይ እርጥብ ልብሴን ማስጫ አድርጌያቸዋለሁ፤ እዚያ ማንንም አያጠምዱም።